የፍርሃት ዘር፤ የሰው ልጅ ሥጋት ከደሙ ነው ወይስ ካየው?

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 11 ቀን 2010) ምሽት በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ካባላጋላ በተባለው ሠፈር በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ የዓለም ዋንጫን የመጨረሻ ግጥሚያ በቴሌቪዥን ይመለከት ነበር። ጨዋታው በመካሄድ ላይ እንዳለ በተመልካቹ መካከል ቦምብ ፈነዳ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በሌላው የከተማይቱ ክፍል፣ በአንድ የራግቢ ክበብ ሜዳ ላይ ይህንኑ ጨዋታ ለማየት በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ፈንጂ ፈነዳ። በሁለቱ ሥፍራዎች ከ70 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ሌሎች ብዙዎች ቆሰሉ።

የሥጋ ቁስል በሐኪም እጅ ይጠገናል። የማይታየው ቁስል ግን ሌላ ነው። እንዲህ ካለው አደጋ ከተረፉ ሰዎች መካከል አንዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራውና ወደ ቀድሞ ሳቁ ሲመለስ፣ በአጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ሌላው ግን በር በተንጓጓ ቁጥር ይበረግጋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ሰው ከተሰበሰበበት ይሸሻል። አደጋው አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ዕጣ ለምን ተለያየ? ይህ ጥያቄ ለካምፓላ ብቻ ሳይሆን ጦርነትን፣ ረኀብንና ስደትን ለሚያውቀው ለመላው ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ዐቢይ ጥያቄ ነው።

አበው በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ምሳሌዎች ትተውልናል። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። የሰው ጠባይ ከወላጆቹ የሚወረስ ነው ማለቱ ነው። ሁለተኛው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። ሰው የሚፈራው የደረሰበትን ነው ማለቱ ነው። ከሁለቱ አንደኛውን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ጉዳት ያደርሳል። ጭንቀት የያዘው ወጣት «ዘሩ ነው» ተብሎ ሲተው፣ የታጨች ልጅ «የእናቷ ሕመም አይቀርላትም» ተብላ ጋብቻዋ ሲፈርስ፣ ቤተ ሰብም ይህን በመፍራት ሕመምተኛውን ከሐኪም ሲሸሽግ በየአካባቢያችን የታየ ነው። እንግዲህ ሣይንስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? የመልሱ አንድ ትልቅ ክፍል የተገኘው ከኡጋንዳ ምድር ስለሆነ ጉዳዩን ከዚያው ተነሥቶ መመልከት ይጠቅማል።

ካምፓላና የአእምሮ ሕክምና

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከኮረብቶቿ በአንዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱም ከሙላጎ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ለብዙ ዘመን ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅጣጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራውን የጀመረው የቡታቢካ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ። ለእኛ አማኑኤል ምን እንደሆነ ለኡጋንዳውያንም ቡታቢካ እንደዚያው ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሁሉም ምን ለማለት እንደተፈለገ ያውቃል።

በቅኝ አገዛዝ ዘመን ከነበሩት የአውሮፓ ሐኪሞች አንዳንዶቹ አፍሪካዊ በሐሳብና በትካዜ እምብዛም አይታመምም ብለው ይጽፉ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካፈረሱት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በዚያው በኡጋንዳ ነው። ጆን ኦርሊና ጆን ዊንግ የተባሉት ሐኪሞች በሁለት የኡጋንዳ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ ትካዜና ተመሳሳይ የአእምሮ ሕመሞች በእነዚያ መንደሮች በለንደን ከተማ ካምበርዌል በተባለው ሠፈር ከታየው በልጠው መገኘታቸውን አስረዱ። ሕመሙ የነበረ ነው፤ የጠፋው ጠያቂ ነበር።

የቋንቋውም ምስክርነት ቀላል አይደለም። በቡጋንዳ ሕዝብ ዘንድ «እሜሜ» የሚባል፣ በደረትና በሆድ መጋጠሚያ ላይ የሚገኝ የስሜት ማደሪያ አለ። ሰው ሲሠጋና ሲደነግጥ የሚታወከው እርሱ ነው ይባላል። እኛም «ሐሞቴ ፈሰሰ»፣ «ልቤ ራደ»፣ «ሆዴ ተሸበረ» እንላለን። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ፍርሃትን በአካል ውስጥ ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፍርሃት ጠባቂ ነው

በመሠረቱ ፍርሃት ሕመም አይደለም። በጨለማ መንገድ የሚሄድ ሰው አንዳች ኮሽታ ሲሰማ፣ ምን እንደሆነ ከማወቁ በፊት አካሉ ይነሣል። በአእምሮ ውስጥ በለውዝ መሰል ቅርጿ አሚግዳላ የተባለች ትንሽ ክፍል የአደጋውን ምልክት ትቀበላለች፤ ትእዛዝ ታስተላልፋለች፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ይረጫሉ። ልብ ትመታለች፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሮጣል። ይህ ሁሉ ሰውዬው እንዲሮጥ ወይም እንዲታገል የሚያዘጋጅ ነው። ፍርሃት ያልነበረው ፍጡር ቢኖር ኖሮ ለአውሬ ሲሳይ በሆነ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ዘበኛው ሌባ በሌለበት ሲጮኽ ነው። አደጋው ካለፈ ከወራትና ከዓመታት በኋላ አካል ዛሬም በአደጋው ውስጥ እንዳለ ሆኖ ሲሸበር፣ ወይም ሰው ያለ በቂ ምክንያት ቀኑን ሙሉ በሥጋት ሲብከነከን፣ ያን ጊዜ ጠባቂው ራሱ ጠላት ሆነ ማለት ነው። ሐኪሞች የጭንቀት ሕመም የሚሉት ይህን ነው። ከከባድ አደጋ በኋላ የሚከተለው ዓይነት ደግሞ የራሱ ምልክቶች አሉት፤ ያለፈው መከራ በቀንም በሌሊትም እንደ አዲስ ይታያል፤ መከራውን ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ መሸሽ ይመጣል፤ ሰውነትም ዘወትር በተጠንቀቅ ላይ ይቆማል።

መንትዮች የመሰከሩት

ይህ የጥበቃ ሥርዓት ከሰው ሰው የሚለያይበት ምክንያት ምን ያህሉ ውርስ እንደሆነ ለማወቅ ሊቃውንት የተጠቀሙበት ቀዳሚ ዘዴ መንትዮችን ማወዳደር ነው። መንትዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከአንድ ዕንቁላል የሚከፈሉት በዘር ቅንጣታቸው አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከሁለት ዕንቁላል የሚወለዱት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እኅት ናቸው። በአንድ ዓይነቶቹ ዘንድ አንዱ ጭንቀት ሲይዘው ሌላውም የመያዙ ነገር ከሁለተኞቹ በልጦ ከተገኘ፣ ውርስ ድርሻ አለው ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶች ለጭንቀት ሕመሞች የውርስን ድርሻ ከመቶ 30 እስከ 40 እጅ በሚሆን መጠን ይገምታሉ።

ይህ ቁጥር በብዙዎች ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ስለሚተረጎም ማብራራት ያስፈልጋል። ከመቶ 30 እጅ ሲባል የአንድ ሰው ፍርሃት ሲሶው ከአባቱ፣ ቀሪው ከኑሮው መጣ ማለት አይደለም። በሕዝቡ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ይህን ያህሉ ከዘር ልዩነት ጋር ይያያዛል ማለት ነው። ገበሬ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ከአንድ ጎተራ የወጣ ጤፍ በመረሬ መሬት ላይና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ቢዘራ አዝመራው አንድ አይሆንም። በአንድ ማሳ ላይ የተለያየ ዘር ቢዘራ ደግሞ ልዩነቱ ከዘሩ ይመጣል። የዘሩም የመሬቱም ድርሻ የሚታወቀው ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

የናኪቫሌ ምስክርነት

ይህን የዘርና የመሬት ነገር በሰው ፍርሃት ላይ በቅርብ ለመመርመር ያስቻለው ሥፍራ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በኢሲንጊሮ ወረዳ የሚገኘው የናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር ነው። ሠፈሩ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ሲሆን በአፍሪካ ካሉት እጅግ አንጋፋ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በመቶ ቀናት ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁበት የዘር ፍጅት የተረፉ ስደተኞች በዚያ ይኖሩ ነበር።

በጀርመን አገር የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ኢሪስ ታትያና ኮላሳና ጓደኞቻቸው በናኪቫሌ 424 ከፍጅቱ የተረፉ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። የእያንዳንዱ ሰው የደረሰበት የመከራ ዓይነት አንድ በአንድ ተቆጠረ፤ ለጂን ምርመራም ናሙና ተወሰደ። ትኩረት ያደረጉት ኮምት በሚባለው ጂን ላይ ነበር። ይህ ጂን ዶፓሚንንና አድሬናሊን መሰል ቅመሞችን የሚያፈርስ ኤንዛይም የሚሠራ ሲሆን፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት ፈጣንና ዘገምተኛ የሆኑ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ዘገምተኛውን ዓይነት ከአባትም ከእናትም የወረሱት ሰዎች የደረሰባቸው መከራ ጥቂትም ይሁን ብዙ ለሕመሙ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ታየባቸው። በሌሎቹ ዘንድ ግን የመከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር ሕመሙም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄደ።

ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዌስት ናይል አካባቢና በደቡብ ሱዳን የሚኖሩ ከ3 ሺህ በላይ ኡጋንዳውያንንና ሱዳናውያንን ጠይቆ ነበር። ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ አሠቃቂ ነገር ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ሕመሙ የተገኘው ከመቶ በ23ቱ ላይ ነው። 28 እና ከዚያ በላይ የቆጠሩት ግን ሁሉም ታመው ተገኙ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቱንም ያህል ብርቱ ዘር ቢኖረው፣ መከራ ከልክ ሲያልፍ የማይሰበር ሰው በዚያ ጥናት አልተገኘም። «እገሌ ጀግና ስለሆነ አይነካውም፣ እገሌ ግን ፈሪ ስለሆነ ነው» የሚለው ፍርድ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

የአንድ ጂን ታሪክ መፍረስ

ሆኖም አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «የፍርሃት ጂን ተገኘ» ብሎ እንዳይደመድም ማሳሰብ ተገቢ ነው። ሣይንስ ራሱን እያረመ የሚሄድ ሙያ ነው፤ በዚህም ጉዳይ ራሱን በብርቱ አርሟል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጀርመናዊው ሐኪም ክላውስ ፒተር ሌሽና ባልደረቦቹ ሴሮቶኒን የተባለውን የአእምሮ ቅመም የሚያመላልሰው ጂን አጭርና ረጅም ዓይነቶች እንዳሉትና አጭሩ ከሥጋታምነት ጠባይ ጋር እንደሚያያዝ ገለጹ። በእነርሱ ስሌት እንኳ የጂኑ ድርሻ ከልዩነቱ ከመቶ ከ3 እስከ 4 እጅ ብቻ ነበር። ወሬው ግን ከቁጥሩ ቀድሞ ሮጠ፤ ለዓመታትም ብዙ ጥናት ተጻፈበት። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ38 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ የጋራ ጥናት ይኸው ጂን ከኑሮ ጭንቀት ጋር ተባብሮ ትካዜን ያመጣል ለሚለው አባባል ጠንካራ ማስረጃ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሌላ ሰፊ ምርመራ በትካዜ የተጠረጠሩ 18 ዝነኛ ጂኖችን አንድ በአንድ አይቶ፣ በዘፈቀደ ከተመረጡ ጂኖች እንደማይበልጡ አሳየ።

ስለሆነም በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ የተመሠረተው የናኪቫሌ የጂን ውጤት በጥንቃቄ የሚያዝ እንጂ እንደ ተዘጋ መዝገብ የሚቆጠር አይደለም። ከዚያ ጥናት ጸንቶ የቆመው የመከራው ብዛት ነው።

የአሁኑ ዘመን ምርምር መንገዱን ለውጧል። አንድን ጂን በጥርጣሬ ይዞ ከመመርመር ይልቅ የብዙ ሰዎችን መላ የዘር መዝገብ ጫፍ እስከ ጫፍ ማበጠር ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ከአደጋ በኋላ የሚከተለውን ጭንቀት የተመለከተ ጥናት ከ12 መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ሲሆን በዘር መዝገቡ ላይ 95 ሥፍራዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚያያዙ ገልጿል። የእያንዳንዱ ድርሻ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያነሰ ነው። እንጀራው የሚጋገረው ከአንዲት ፍሬ እንዳልሆነ ሁሉ ፍርሃትም ከአንድ ጂን አይመነጭም። ስለዚህ ዛሬ የአንድን ሰው ደም ቀድቶ «አንተ ፈሪ ትሆናለህ፤ አንተ ደፋር ትሆናለህ» ለማለት የሚያስችል ምርመራ የለም።

አፍሪካ በዘር መዝገብ ውስጥ

ሌላው ዐቢይ ችግር ይህ ታላቅ መዝገብ የማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገ ግምገማ እንዲህ ባሉ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶ 78 እጁ አውሮፓውያን ሲሆኑ የአፍሪካውያን ድርሻ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነበር። የሰው ልጅ የዘር ልዩነት በሰፊው የሚገኘው ግን በአፍሪካ ነው። በሌላው ሕዝብ ልክ የተሰፋ ልብስ ለእኛ እንደሚጠበን ወይም እንደሚሰፋን ሁሉ፣ ከአውሮፓውያን ብቻ የተገኘ ዕውቀትም ለአፍሪካዊው ሕመምተኛ በልኩ አይሆንም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ኡጋንዳ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ከካምፓላ ብዙም በማይርቀው በእንቴቤ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የቫይረስ ምርምር ተቋም ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር በመሆን በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ገጠር የሚኖሩ 6,400 ያህል ሰዎችን የዘር መዝገብ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳውቋል። በካምፓላና በማሳካ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 1,339 ልጆች የተከታተለ ጥናት ተካሂዷል፤ ከእነዚሁ ልጆች መካከል ጭንቀትና ትካዜ ያለባቸው ከሌላቸው ጋር እየተነጻጸሩ ጂኖቻቸው ተመርምረዋል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጥረት ውጪ አይደለችም። የማኬሬሬና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ከኬንያና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር ተባብረው በከባድ የአእምሮ ሕመሞች የዘር መሠረት ላይ ባካሄዱት ጥናት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ምራቃቸውን ሰጥተዋል። የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የጭንቀት ሕመም ባይሆንም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ በዓለም የሕክምና መዝገብ ላይ ስሙ እንዲጻፍ የሚያደርግ ታላቅ እርምጃ ነው።

ፈውስ ዘርን አይጠይቅም

ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚሰጠው ግን ከዚያው ከናኪቫሌ የተገኘው ሌላው ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በሠፈሩ የሚኖሩ 277 ሩዋንዳውያንና ሶማልያውያን ስደተኞችን ያካተተ ነበር። ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ነበሩ። ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ሕይወትን መተረክ ነው። ሕመምተኛው ከልደቱ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ፣ ደስታውንም መከራውንም በተራው ይናገራል፤ አድማጩ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ መልሶ ያነብለታል። የተበታተነውና ሳይጠሩት የሚመጣው ትዝታ በዚህ መንገድ ቀንና ሥፍራ ይዞ፣ «ይህ ያኔ ሆነ፤ አሁን ግን አልፏል» የሚባል ታሪክ ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ በተደረገው ክትትል ታሪካቸውን ከተረኩት ሰዎች ከመቶ 70ው፣ በሌላ የምክር ዘዴ ከተረዱት ደግሞ ከመቶ 65ቱ የሕመሙ መመዘኛ የማይመለከታቸው ሆነው ተገኙ። ሕክምና ሳያገኙ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን እንዲህ የሆኑት ከመቶ 37ቱ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የማንም ደም ተመርምሮ «አንተ ትድናለህ፣ አንተ አትድንም» አልተባለም። የሠለጠነ አድማጭ፣ ወረቀትና ጊዜ በቂ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ አበው ምሳሌዎች እንመለስ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው እውነትነት አለው፤ አንዳንዱ ሰው በቀላሉ የሚነቃ ዘበኛ ይዞ ይወለዳል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውም እውነት ነው፤ እባቡ በበዛበት አገር ልጥ የማይፈራ ሰው አይገኝም። ሁለቱም ምሳሌዎች ግን ያልተናገሩት ሦስተኛ ነገር አለ። ይኸውም ከልጥ የሚሸሽ ሰው ልጡን በእጁ እንዲዳስስ ቀስ በቀስ ሊረዳ መቻሉ ነው።

ስለዚህ በቤቱ ውስጥ እንቅልፍ ያጣ፣ ያለ ምክንያት የሚበረግግ፣ ከሰው የሚሸሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው አንባቢ ሦስት ነገር ቢያስብ መልካም ነው። አንደኛ፣ ይህ የፈሪነት ነውር ሳይሆን ሕመም ነው። ሁለተኛ፣ ወላጅ ቢታመም ልጅ መታመሙ የተወሰነ ፍርድ ስላልሆነ፣ በዚህ ሰበብ ጋብቻን ማፍረስም ሆነ ሕመምተኛን መደበቅ በዕውቀት ያልተደገፈ ጭካኔ ነው። ሦስተኛ፣ ሕክምናና አድማጭ ይጠቅማሉ፤ በቶሎ ሲገኙ ደግሞ ከብዙ ሥቃይ ያድናሉ። ሰው ዘሩን መርጦ አይወለድም፤ የሚደርስበትንም መከራ አስቀድሞ አያውቅም። ከመከራው በኋላ ግን ብቻውን እንዲቀር መተው ወይም አጠገቡ ተቀምጦ ማድመጥ የእኛ ምርጫ ነው።